የአግዳሚው ሐኪም

የፋርማሲስቷ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፤ ደጅ አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ባለ ግራጫ ካፖርት ሽማግሌ ግን አገር ምድሩን አሰልፎ ያስተምራል። መድኃኒት ከእሷ የገዛ ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ እሱ ይሮጣል፤ እሱም በቀኙ ያስቀምጠዋል።

«እሜቴ፣ አሞክሲሲሊን የጀርሙን ግድግዳ ነው የሚንደው። ፔኒሲሊን አሳክኮዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን እንዳይነኩት።»

«አንተ ጎረምሳ፣ ዶክሲሳይክሊን ጀርሙን መራባት ይከለክለዋል። በወተት አትዋጠው፤ ፀሐይም አትሙቅበት።»

ፋርማሲስቷን የሚያሳርራት አለመሳሳቱ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በግራው ካለው መስኮቷ ብቅ እያለች «ማን ሾመህ፣ አንተ ሽማግሌ?» ትለዋለች። እሱ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ወደ ደንበኛው ይዞራል። ንቀቱ ደግሞ በእሳት ላይ ጋዝ ሆነባት።

ትናንት አንዲት እናት ለልጇ የታዘዘ የጄንታሚሲን መርፌ ገዝታ ስትወጣ፣ ሽማግሌው እንደ ልማዱ አልቀለደም።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነፍስ ያተርፋል። ልጅሽ ጆሮዬን ጮኸብኝ ካለሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪሙ ንገሪ። እኔ ዝም ብዬ ነው ግራዬን ያጣሁት።»

ፋርማሲስቷ መስኮቷ ላይ ደርቃ ቀረች። ያ ሁሉ ስድብ የወረደው በማይሰማው ጆሮ ነበር። ወጥታ፣ ዞራ፣ እንደ ደንበኞቹ በቀኙ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማት እንደሚጎዳ ለሰው እንዴት ነው የሚያስረዱት?»

ሽማግሌው ፊቱ በራ። «የመስኮቷ ልጅ አይደለሽ? አፍሽ ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ የምትመርቂኝ መስሎኝ በልቤ አሜን ስልሽ ከረምኩ።»