የጋሼ ምህረቴ ኮሚቴ

ጋሼ ምህረቴ እንጅባራ ላይ፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የቀርቀሃ ወንበርና መደርደሪያ እየሠሩ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ገጠር ስለሆነ አዊኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ፤ ሚስታቸው እናትነሽ ከሞተች ወዲህ ግን በሁለቱም ቋንቋ እምብዛም የሚያወሩት ሰው አልነበራቸውም። አንዲት ልጃቸው ሶስና ባሕር ዳር አግብታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሌላውን ቀን የሚያናግራቸው መንገደኛ ነው። ሚኒባስ ይቆማል፣ አንዱ ይወርዳል፣ «ይሄ ወንበር ስንት ነው?» ይላል። ጋሼ ምህረቴ አንዳንድ ጊዜ ዋጋውን ቶሎ አይናገሩም ነበር። «ከየት ነህ? እዚያስ ዝናቡ እንዴት ነው?» እያሉ ያቆዩታል።

ከመሥሪያ ቦታቸው ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። በገበያ ቀን ገጠሬው ፈረሱን ያስርበታል፤ በሌላው ቀን በግ ይግጥበታል። በከተማው ፕላን ላይ ግን የንግድ ቦታ ተብሎ የተያዘ ነው። መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥረው የሚሸጡት ሁሉ በማኅበር ተደራጅተው፣ እዚያ ሱቅ ትሠራላችሁ ከተባሉ ቆይተዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር «ለከርሞስ ሱቅ ውስጥ ነን» እየተባባሉ የተቀደደ ላስቲካቸውን ይጠግናሉ።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከማዘጋጃ ቤት አሳምነው የሚባል የመሬት ባለሙያ መጥቶ ነበር። ሜዳው ከንግድ ቦታነት ወጥቶ የተማሪ ሰርቪስ ማደሪያ እንዲሆን፣ ነጋዴዎቹም ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ቦታ እንዲሰጣቸው መታሰቡን ተናገረ። በከተማው ዳርቻ የተከፈተ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከጥሊሊና ከግምጃ ቤት ከተሞች በኩል ልጆች የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ገዝቷል፤ ነገር ግን ማደሪያ የላቸውም፤ አስፋልት ዳር ሲያድሩ መንገድ ያጣብባሉ።

«የልጆች ጉዳይ ነው» አለ አሳምነው። «መቼም በልጆች የሚጨክን ሰው እዚህ የለም።»

አዳራሹ ጉምጉምታ ሆነ። አዝመራው የሚባለው ጣውላ ነጋዴ ተነሣ። ወጣት ነው፣ ሲናገር አይፈራም። «እኛም ልጆች አሉን። የእኛዎቹ ግን ሰርቪስ አይሳፈሩም፤ በእግራቸው ነው የሚሄዱት» አለና ተቀመጠ።

ከዚያ ጋሼ ምህረቴ ተነሡ። ለመናገር አስበው አልነበረም የመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

«ልጄ» አሉት ለአሳምነው፣ «አውቶቡስ የትም ቢያድር አይበርደውም። እኛ ግን ቀን የምንውልበት ቦታ ያስፈልገናል። እዚህ መንገድ ዳር ስለሆንን ነው ሰው የሚያየን። ወደ ውስጥ ብትወስዱን ማን ያየናል?»

ተጨበጨበላቸው። ለእርሳቸው ሲጨበጨብ ይኼ የመጀመሪያው ነበር። ለውጡን የሚቃወም ኮሚቴ ይመረጥ ሲባልም መጀመሪያ የተጠራው የእርሳቸው ስም ሆነ፤ ሰብሳቢ አደረጓቸው። የት እንገናኝ የሚለው ሲነሣ አዝመራው፣ «ጋሼ ቤት ይሁን። ቅርብ ነው፤ የሚረበሽ ሰውም የለበት» አለ። በክፋት አልነበረም።

እንግዲህ ያ ቤት ሰው አየ። ኮሚቴዎቹ አመሻሽ ላይ ሥራቸውን ዘግተው ይመጣሉ፤ ኮሚቴ ያልሆነውም ወሬ ለመስማት ይከተላል። መጀመሪያ ሰሞን መቀመጫ ስላልበቃ አንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጋሼ ምህረቴ ለሽያጭ የጀመሩትን አልጋ ትተው በርጩማ መሥራት ያዙ። ድንች በትልቅ ብረት ድስት ይቀቅላሉ፤ ዳቦና ሻይ የምትሸጠው ሸጋ የተረፋትን ዳቦና አዋዜ ይዛ ትመጣለች። የቀርቀሃው ፍርፋሪ ምድጃው ውስጥ ይንጣጣል። ወሬው በሜዳው ይጀመርና ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የማን ፈረስ በግልቢያ እንደቀደመ፣ የማን ልጅ የት እንደተመደበ። ሶስና አንድ እሑድ ስትደውል ጫጫታውን ሰማች።

«አባዬ፣ ማነው እዚያ?»

«ሰው ነው» አሏት። «ቤቱ ሞልቷል። ቆይ ስሚ።» ስልኩን ወደ ሰዎቹ አቅጣጫ ዘርግተው ያዙት።

ወደ ቢሮ የሚመላለሱት እርሳቸው ነበሩ። ነጩን ጋቢ ይደርባሉ፣ ጫማቸውን ይወለውላሉ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ኮሪደር ላይ ይጠብቃሉ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላሉ። «ለሰኞ ይመለሱ» ይባላሉ። ሌላው ሰው ቢሆን ይማረር ነበር። እርሳቸው ግን ማታ የሚያወሩት ነገር ይዘው ስለሚመለሱ አልከፋቸውም። ማን ምን እንዳለ፣ ዘበኛው እንዴት እንዳመናጨቃቸው ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣቸዋል።

የገና በዓል ሲቃረብ አሳምነው ራሱ አስጠራቸው። ወንበር ሳበላቸው።

«ጋሼ ምህረቴ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው ያለኝ። የሜዳው የፊት ለፊት፣ አስፋልቱን የያዘው፣ ለእናንተ ይሁን። ከኋላ ያለው ለሰርቪሶቹ። መግቢያቸው በጓሮ በኩል ይሆናል። አለቆቼም ትምህርት ቤቱም ተስማምተዋል። ማኅበሩ እሺ ካለ ወዲያው ለክተን እንሰጣችኋለን።»

ጋሼ ምህረቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

«ኮሚቴውስ?»

አሳምነው ሳቀ። «ኮሚቴው ከዚህ ወዲያ ምን ይሠራል? ይፈርሳላ።»

ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ትተው በገበያው በኩል ዞሩ። የፈለጉትን አግኝተዋል፤ ግን እግራቸው አልፈጥንላቸው አለ። አመሻሽ ላይ ሰዎቹ መጡ። ተቀመጡ። «እህ፣ ምን አለ?» አለ አዝመራው።

«ያው ነው» አሉ ጋሼ ምህረቴ። «ከበዓሉ በኋላ ተመለሱ ብሎኛል።»

ሁሉም ማዘጋጃ ቤቱን ረገሙ። አዝመራው የዘበኛውን አነጋገርና አረማመድ አስመስሎ ሲያሳይ ሸጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሼ ምህረቴም ሳቁ።

ነገ እነግራቸዋለሁ ይሉ ነበር። ገና አለፈ። ጥምቀት መጣ። አሳምነው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው መልሱን ይጠይቃቸዋል፤ «ማኅበሩ እየመከረ ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊናገሩ ሲሉ አንዱ ድስቱን እንዲያቀርቡለት ጠየቃቸው፤ አቀረቡለት፤ ሌላ ወሬ ተጀመረ።

በዚህ መሀል አዝመራው ተስፋ ቆረጠ። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፤ ላስቲክ ሥር ሌላ ክረምት አልገባም አለ። ጣውላውን በርካሽ ሸጦ ዳንግላ ሱቅ ተከራየ። ሊሄድ ሲል ስሙን ከማኅበሩ ለማሰረዝ ማዘጋጃ ቤት ገባ። አሳምነውም፣ «እናንተ ሰዎች ግን ምን ነካችሁ? የመንገዱን ፊት ውሰዱ ካልናችሁ ስንት ጊዜ ሆነ፤ መልሳችሁን እየጠበቅን ነው» አለው።

በዚያው ምሽት ሁሉም ጋሼ ምህረቴ ቤት ተሰበሰቡ። አዝመራው አልተቀመጠም።

«ምን ያህል ሰጡዎት?»

«እነማን?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ። ቦታው ሙሉ በሙሉ እንዲያልፍለት እንዲያዘገዩን ነው የከፈሉዎት?»

«አምስት ሳንቲም አልተቀበልሁም። እናትነሽን።» የሞተች ሚስታቸውን ስም ጠርተው ማሉ።

«ታዲያ ለምን ደበቁን?»

መልሱ አፋቸው ላይ ነበር። ጉቦ በላ መባል ነውር ነው፤ እንዳትለዩኝ ብዬ ነው ማለት ግን ከዚያም የባሰ ነውር መሰላቸው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሰብሳቢ ተብሎ የተመረጠ ሰው፣ እንዴት አድርጎ እንዲህ ይላል? ሰዎቹ የተቀመጡባቸውን በርጩማዎች አንድ በአንድ አዩ።

«እኔ እንጃ» አሉ።

አዝመራው በሩን ከፍቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። መጨረሻ የወጣችው ሸጋ ናት፤ የአዋዜ ሳህኗን ይዛ፣ «ደኅና ይደሩ» ብላ።

ማኅበሩ እሺ አለ፤ አዝመራው ግን ጣውላውን ሸጦ ስለጨረሰ ወደ ዳንግላው ሱቁ ሄደ። መሬቱ ተለካ፤ ክረምቱ ሳይገባ በአስፋልቱ ፊት ለፊት የቆርቆሮ ሱቆች ተደረደሩ። ለጋሼ ምህረቴም ድርሻቸው አልተከለከለም፤ መጨረሻ ላይ፣ ከቦዩ አጠገብ ያለው ደረሳቸው። ከኋላ ሰርቪሶቹ ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሞተራቸው ሲነሣ የሱቆቹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። የተፈራውን ያህል ማንንም አልጎዱም። ሾፌሮቹ እንዲያውም የሸጋን ዳቦ የሚገዙ ደንበኞች ሆኑ።

ሰላምታ የነፈጋቸው ሰው አልነበረም። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይላሉ፤ ያልፋሉ። ረፋድ ላይ ሱቀኞቹ አንዱ ደጃፍ ተሰባስበው ዳቦ ሲቆርሱ ግን አይጠሯቸውም። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ቀርቀሃ ይሰነጥቃሉ። በርጩማዎቹን ጥሊሊ ላይ ጠላ ቤት የከፈተች ሴት አግኝታ ሁሉንም ገዛቻቸው። ሶስና ስትደውል፣ «ዛሬ ድምፅ የለም፤ ሰዎቹ የሉም?» ትላለች። «አሁን ገና ወጡ» ይሏታል።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ወደ ቤታቸው ሳይሄዱ ሸጋ ቤት ሄደው በር አንኳኩ። ሸጋ ደንግጣ አስገባቻቸው።

«ሳትጠሪኝ መጣሁ» አሏት።

«ደግ አደረጉ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ያቀረበችላቸውን ሻይ አልነኩም።

«ሸጋ፣ ጉቦ አልበላሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ነገሩ ካለቀ ማን ይመጣል ብለው ነው። ያን ዕለት በርጩማዎቹን ሲያዩ አይቼዎታለሁ።»

ጋሼ ምህረቴ ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ለምን ለሌሎቹ አልነገርሽልኝም?»

«እኔ ብናገረው ይስቁብዎት ነበር እንጂ አያዝኑልዎትም። ደግሞ ሌሎቻችን የከሰርነው ትንሽ ነው፤ አዝመራው ነው የተጎዳው። ንብረቱን አርክሶ ሸጧል፤ ሚስቱ ሰው በማታውቅበት አገር ነው የወለደችው። መንገር ያለብዎት ለእሱ ነው።»

በማግሥቱ ሱቃቸውን ዘግተው በሚኒባስ ዳንግላ ሄዱ። የአዝመራውን ሱቅ እየጠየቁ አገኙት። አዝመራው ጣውላ እየለካ ነበር፤ አያቸው፤ መለካቱን አላቆመም። ጋሼ ምህረቴ በሩ ላይ እንደቆሙ ነገሩት። ቤታቸው እንዴት እንደነበረ፣ ኮሚቴው ይፈርሳል ሲባሉ ምን እንደተሰማቸው፣ ነገ ነገ እያሉ እንዴት እንዳቆዩት። ሲጨርሱ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነበር።

«ለዚህ ብለው ነው?» አለ አዝመራው።

«ለዚህ ብዬ ነው።»

አዝመራው ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ዝም ብለው ቢጠሩን እኮ እንመጣ ነበር።»

«ትመጡ ነበር?»

አዝመራው የሚዋሽ ሰው አልነበረም። «እንጃ» አለ። «አንድ ቀን እንመጣ ነበር። ከዚያ ሁላችንም ሥራ ይይዘናል።»

ጋሼ ምህረቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገዢ ገባ፤ አዝመራው ወደ ገዢው ዞረ። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለም፤ ሂዱልኝም አላለም። ጋሼ ምህረቴ ትንሽ ቆመው ጠበቁና ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሲወጡ ግን ከኋላ ድምፁ ተሰማ፤ «ጋሼ፣ በላይኛው መንገድ ይሂዱ። ታችኛው ጭቃ ነው።»

በላይኛው መንገድ ሄዱ። እንጅባራ ሲደርሱ ጉሙ ወርዶ የአስፋልቱ ማዶ አይታይም ነበር። ሸጋ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው።

«ምን አለዎት?» አለቻቸው።

«ጭቃ እንዳይረግጡ አለኝ።»

«አዝመራው እንዲህ ካለ ደኅና ነው» አለች። ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻቸውና ልጆቿ ወደሚጠብቋት ቤቷ ቸኩላ ሄደች። ጋሼ ምህረቴ ዳቦውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው፣ ደኅና መሆን አለመሆኑን ሳያውቁ፣ በጉሙ ውስጥ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።