የእህቴ የፈቃድ ጾም

የታላቅ እህቴ ባል ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ባዕድ ከተቀመጠ በኋላ «እህትሽ ልትመነኩስ ነው፤ እኔም እሺ ልላት ነው» አለኝ። ወሩ ግንቦት ነበር፣ ከፋሲካ ወዲህ ገና ሳምንታት ናቸው። ላቀብለው የያዝሁትን ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና «ማን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። አገሩ ሁሉ እንዳለ፣ እሷም እንዳልካደች ነገረኝ። በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ቤታቸው ተቀምጠው ጉዳዩን ሊጨርሱት ነው። የመጣውም ከቤተሰብ በኩል እኔ እንድገኝ ሊጠራኝ ነው።

እህቴ ያኔ ሠላሳዎቹን ገና ያላገባደደች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። የሚኖሩት ከቁይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ እሱ ያርሳል፣ እሷ ቤቱንም ማሳውንም ትይዛለች። ጋብቻቸው በሰማንያ እንጂ በቁርባን አይደለም። ስለዚህ እሷ ቆብ ካደረገች እሱ ሌላ ማግባቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ከወዲሁ ልጅ የሚያጩለት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ማንም ከማንም ሳይጣላ ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ሰውየው ዐይኑ እንባ አቅርሮ «የወሰዳት ወንድ ቢሆን እካሰስ ነበር፤ ከእግዚአብሔር ጋር ግን እንዴት ብዬ ልካሰስ?» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ወሬው ደግሞ ዝም ብሎ የተነሣ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን አገሩ በሙሉ ይጾማል፤ በጾም ባልና ሚስት መኝታ እንደሚለዩም የታወቀ ነው። እህቴ ግን በዚህ ላይ ጽጌን ትጨምራለች። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይይዘዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ጾም በሌለበት ሰሞን ጸበል ትገባለች፤ ጸበል ላይ ያለ ሰውም ከመኝታ ይታቀባል። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወቅት ነው። ያኔ ሌላው ሲደሰት የእሷ ፊት ይጠቁራል፤ ልጆቿን ለአማቷ ትታ እኔ ዘንድ ትመጣና «ደብሩን ልሳለም» ትላለች።

ሌላም አለ። ስብከት ሲሰበክ ሴቶቹ ሁሉ ሲቀመጡ እሷ ቆማ ነው የምታዳምጠው። ቤቷ ውስጥ ምስር ስትለቅም እንኳ ተንበርክካ ነው። ጎረቤቶቿ ይህን እያዩ «የእሷማ ሥራዋ ራሱ ጸሎት ነው» ይላሉ። አማቷም መነኩሴ ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት እያሉ፣ በጎልማሳነታቸው ቆብ ያደረጉ፣ በደብሩ ስለ ትሩፋት ሲነገር ሳይነሡ የማይታለፉ እማሆይ። ምራትየዋ የእሳቸውን ፈለግ ልትከተል ነው ቢባል ማንም አልገረመውም። እኔም ዓርብ በመጣ ቁጥር እንቁላል የሚያምረኝ ሴትዮ በእህቴ ጽድቅ ስመካ ኖሬአለሁ።

ቅዳሜ ቤቷ ደረስሁ። ጓሮ ጥላ ውስጥ ተንበርክካ ምስር ትለቅማለች። ዱካ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁና ሌላ ዱካ አቀበልኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይልኝም። «እታለም፣ እውነት ቆብ አምሮሽ ነው?» አልኋት።

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ከእምብርቷ በታች በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ ቆየችና «ስስቅም ያመኛል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምስሩን ትታ ነገረችኝ። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ከሆዷ ግርጌ፣ በሁለቱ ዳሌዎቿ መሃል፣ የማይለቃት ሕመም አለ። የወር አበባዋ ሲመጣ ይብሳል፣ ሲሄድ ግን አብሮ አይሄድም። ስትቀመጥ ይወጋታል፤ የምትንበረከከውም፣ ስብከት ቆማ የምትሰማውም ለዚህ ነው። የመኝታው ከሁሉ የከፋ ነው። «መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። በኋላ ግን ገና እጁ ሲነካኝ ሰውነቴ ጭምድድ ይል ጀመር» አለች። ሐኪም ዘንድም ሄዳለች፤ አንድ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ነው፣ ሌላ ጊዜ ጨጓራ ነው ተብላ ክኒን ውጣለች። አልትራሳውንድ ተነሥታ «ምንም የለብሽም» የተባለች ቀን ሕመሟን ለሰው መናገር አቆመች። ምንም የለብሽም የተባለች ሴት ለባሏ ምን ብላ ትንገረው? ጾም ሲገባ እፎይ አለች። ጾም ስትጨምር አመሰገኗት፤ ሲያመሰግኗት ደግሞ መመለሻው ጠፋት።

«ቆብ አንድም ቀን ናፍቆኝ አያውቅም» አለችኝ። «የናፈቀኝ ሰበብ ሳልፈልግ ውሎ ማደር ነው። እሱን እኮ እወደዋለሁ።»

እኔ እሳት ሆንሁ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ በክኒኑም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በዱካውም ጭምር ተናደድሁ። «ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ» አልኋት። እሷ ግን ምስሩን ወደ ሰፌዱ እየመለሰች «አይሆንም። የሚያመው የእኔ ገላ ነው፤ እኔው እናገረዋለሁ» አለች። አላመንኋትም። በእኛ አገር ሴት ከደረቷ በታች ያመማትን ሁሉ «ወገቤን» ብላ ነው የምታልፈው፤ ያውም ለሴት።

እሑድ የንስሐ አባቷ መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ከግራና ከቀኝ። ባሏ በሩ አጠገብ ነው። እማሆይ ጥግ ላይ ቁርበታቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ከእህቴ ኋላ ቆሜአለሁ። ቄሱ እግዚአብሔርን አመስግነው፣ ጾሟንም አንሥተው ካመሰገኑ በኋላ «እንግዲህ ልጄ፣ ፈቃድሽን ከአፍሽ እንስማ» አሏት።

እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አባቴ፣ እኔ መመንኮስ አልፈልግም» አለች። «ከባሌ የሸሸሁት አሞኝ ነው። ማህፀኔ አካባቢ ያመኛል። ስቀመጥ ያመኛል፣ መኝታው ያመኛል። ጠልቼው አይደለም። ጾሙን መሸሸጊያ አደረግሁት፤ ሰው አመሰገነኝ፣ እኔም ዝም አልሁ።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን ይመረምሩ ጀመር። ባሏ አንገቱን ደፋ። ቄሱ «ይህን ያህል ዘመን ለንስሐ ስትመጪ ምነው ሳትነግሪኝ?» አሏት።

«ኃጢአት መስሎ አልታየኝማ፣ አባቴ» አለች።

ያ ዱላ የሚመረምሩት ሽማግሌ ነገሩን ሊያለዝቡ ፈልገው «መቼም ሴት ሁና የማያማት የለችም። ትቻለው እንጂ» ሲሉ እኔ አፌን ልከፍት ነበር። የቀደሙኝ እማሆይ ናቸው። ቀና ሳይሉ፣ መቁጠሪያቸውንም ሳያቋርጡ «ልጄ፣ ሚስትህን ይዘህ ሐኪም ቤት ሂድ። ቆብ አያሽረውም» አሉ።

ልጃቸው እናቱን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከምን እንዳወቁት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቄሱ ተነሥተው መስቀላቸውን ለእህቴ አሳልመው «ከእንግዲህ የጾምሽ ነገር በእኔ ይሁን፤ አንቺ ታከሚ» አሏትና ጉባኤው ተበተነ።

ሰዎቹ እንደወጡ ባሏ ወደ እሷ መጥቶ «የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ» አላት። «እኔ ደግሞ ብነግርህ ትተኸኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር» አለችው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አስተያየት ሳልሰጥ ወጣሁ።

ደብረ ማርቆስ ያገኘናት የማህፀን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ባልና ሚስቱን አብራ አስቀመጠቻቸው። እህቴን ከመንካቷ በፊት በደንብ አዳመጠቻት፣ ስትመረምራትም እያስፈቀደች ነው። በአልትራሳውንድ አለመታየቱ ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነ ነገረቻቸው። መነሻው ከወሊዱ ሊሆን ይችላል፣ ከወር አበባዋም ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ትከታተለዋለች፣ ለወር አበባው ሕመምም መድኃኒት ትሰጣታለች። ነገር ግን ሕመም ለብዙ ዘመን ሲቆይ ከዳሌ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ራሳቸውን ለመከላከል ይጨመደዳሉ፤ ሳይፈቱም ይቀራሉ፣ ያም በራሱ ሕመም ይሆናል። ነርቮቹም በትንሽ ነገር መደንገጥ ይለምዳሉ። መዳኛው አንድ መርፌ አይደለም፤ ሰውነቷ እንዲላላ ቀስ በቀስ ማስተማር ነው። ስለ መኝታው ደግሞ ለባሏ «ለጊዜው ይቆይ፤ ሲጀመርም እሷ ስትል ይሁን፣ አመመኝ ካለች እዚያው ይቁም» አለችው። እሱም ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ «እሺ» አለ።

እህቴ ይህንን ለጎረቤት ሴቶች ስትተረጉመው ከሐኪሟ ይበልጥ ገባኝ። «አንድ ቀን ጅብ የገባበት ግቢ ውሻው ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል አይደል? የእኔም ገላ እንደዚያ ሁኖ ነው። ውሻውን ብትመቱት ዝም አይልም፤ ማባበል ነው» ትላቸዋለች።

ማባበሉን ሳይ ነው እህቴን ከልቤ ማድነቅ የጀመርሁት። ያን ሁሉ ጾም ስትጾም አድንቄአት ነበር፣ አሁን ግን ሌላ ነው። ጧት ከብቶቹ ሳይወጡ መደቡ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ሆዷ እስኪነፋ አየር ትስባለች፣ ስታስወጣ ከታች ያለውን ጡንቻ ሁሉ ትለቀዋለች። ልጆቿ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥለው አጠገቧ ተጋደሙ። እማሆይ መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ አንድ ቀን ሳልነግራቸው ብደርስ ቆባቸውን እንዳደረጉ ከእህቴ ጎን ተጋድመው ሲተነፍሱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንሁ።

ሙሉ ጀሪካን መሸከም ተወች፤ ግማሽ ግማሽ ታመላልሳለች። ጋቢ አጣጥፋ መሃሉን ክፍት አድርጋ የመቀመጫ ትራስ ሠራች። ሲብስባት የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ታደርጋለች። ሽንቷን እስከ ማታ መያዝ ትታለች። በጣም ያስገረመኝ ግን ቃሏ ነው። «ወገቤን» ማለት አቆመች፤ የት እንደሚያማት፣ ምን ያህል እንደሚያማት ለባሏ እንደ አየር ሁኔታ ትነግረዋለች፤ እሱም የቀኑን ሥራ በዚያው ልክ ይሸነሽናል።

በክረምቱ የአረም ወቅት ሕመሙ እንደገና ተነሣባት። ስልክ ደውላ ስታለቅስ እኔ በተለመደው ችኩልነቴ «በቃ፣ ሕክምናው አልሠራም!» ብዬ ተንጨረጨርሁ። እሷ አፍንጫዋን እየሳበች «ኧረ ሠርቷል። እኔ ነኝ ማጎንበሱን ያበዛሁት። ነገ ዐርፋለሁ» አለችኝ። ደውላ ያጽናናችው እኔን ሆነ። እንደዚህ ያለ ትዕግሥት በእናታችን ወገን የለም፤ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕመሟ ጨርሶ አልሄደም፤ የሚቀልባት ቀን ግን ከሚብስባት ቀን በልጧል፤ ባሏም ወደ መኝታቸው የተመለሰው እሷ ስትጠራው ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት አልፎ ጥቅምት ገባ፣ ጽጌ ማለት ነው። በአንዱ እሑድ ልጠይቃት ሄድሁ። ሌሊቱን ሲወጋት አድሯል፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ ትራሷ ላይ ሆና ግድግዳውን ተደግፋለች። ባሏ ለልጆቹ እርጎ ቀዳላቸው፣ ለእኔም ቀዳልኝ። ሌላ ኩባያ ሞልቶ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደና ፊቷን ሲያይ ቆመ። ያንን ፊት በጽጌ ለብዙ ዓመት ያውቀዋል። ኩባያውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ ሊመለስ ዞረ።

«ዛሬ አሞኛል» አለችው። «እየጾምሁ ግን አይደለም፤ ስጠኝ።»