አባቴ በአካል ሲቀርቡ

አባቴ እዚህ ውጭ አገር መጥተው ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ ታክስ ሳሠራ በእኔ ሥር የሚተዳደሩ ዲፔንደንት ብዬ አስመዘግባቸው ነበር። ይህን የነገርኳቸው ቀን ነገሩ ቀበሌ መሰላቸው መሰለኝ፣ "እኔም ካልሄድኩ" አሉ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ እኔ ገና ቁርስ ሳልበላ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

"አባባ፣ ታክስ ሰብሳቢዎቹ እርስዎን ማየት አያስፈልጋቸውም! ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልጉት" እያልኩ እጮህባቸው ነበር።

"ሳያዩኝ፣ አባቴ አሉ ብትል ማን ያምንሃል?"

ሃቫና ስትሪት ላይ ታክስ የሚሠራልን ያገሬ ልጅ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ይጨብጣቸዋል። ትክ ብሎ ያያቸውና "አሉ፣ አይቻለሁ" ይላቸዋል። እሳቸው እፎይ ብለው ይቀመጣሉ። እኔ አፍሬ ስልኬን እነካካለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አረፉ።

ዘንድሮ ብቻዬን ሄድኩ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ተነሳና ከኋላዬ በሩን አየ። ማረፋቸውን ነገርኩት።

"ነፍስ ይማር" አለኝ። ቀጥሎም፣ "እስከ ጥቅምት አብረውህ ስለኖሩ ለዚያ ዓመት ዲፔንደንትህ ናቸው። ፎርሙ ላይ አስገባቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አይቻልም" ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ስማቸውን መጻፍ ጀመረ።

ያን ሁሉ ዓመት ማየት አያስፈልጋቸውም እያልኩ ስጮህባቸው የኖርኩት እኔ፣ "ሳታያቸው?" አልኩት።