ስርዝ ድልዝ ያለባት ሸክላ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቦንጋ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስህተት ያለበት ወረቀት ሲያይ የሚያመው ሰው ነው። እቤት ካሉን የዘፈን ሸክላዎች አንዷ ታዲያ ስህተት ነበረባት። ፋብሪካው በሁለቱም ፊት ላይ የአንድ ወንድ ዘፋኝ ስም ለጥፎባታል፤ በጀርባዋ የምትዘፍነው ግን ሴት ናት። እናቴ የምትወደው ያንን ጀርባዋን ነበር።

እናቴ ታመመች። ጅማ ያዩዋት ሐኪሞች ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ትሂድ አሉ። እኛ ደግሞ ከእኔ የአስተማሪ ደመወዝና ከአባቴ ጡረታ ሌላ ምንም የለንም። እንዲህ ያለ የተሳሳተ ሸክላ የሚያሳድዱ ሰዎች እንዳሉ የሰማሁት ያኔ ነው። ፎቶዋን በስልክ ላክሁ። አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ደወለ። ፋብሪካው ወዲያው አርሞ ስላተማት የተሳሳተችው እንደ ልብ አትገኝም፣ ለሕክምናው የሚበቃ እከፍላለሁ አለ። ሰውየው የሚፈልገው ስህተቱን እንደሆነ ለአባቴ ነገርኩት።

"ስህተት ማን ይገዛል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሰውየው በመጣ ቀን ዝናቡ አላባራ ስላለ ከመናኸሪያ በባጃጅ አመጣሁት። አባቴ ኮቱን ለብሶ ጠበቀን፤ ሸክላዋንም በሁለት እጁ አቀረበለት። የተሳሳተውን ስም በማስመሪያ ሰርዞታል። ከበላዩ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ የሴትዮዋን ስም ጽፏል። ስርዝ ድልዝ ካልተፈረመበት ዋጋ የለውምና አጠገቡ ፈርሞበታል።

"አባባ፣ ይሄን ማን ነካው?" አለ ሰውየው።

"እኔ ነኝ። ተሳስተው ነበር፤ አስተካክዬልዎታለሁ።"

ሰውየው ሸክላዋን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም። "ላስብበት" ብሎ ተነሣ። በረንዳው ላይ ግን፣ "እህቴ፣ አሁን ማንም አይገዛትም" አለኝ።

ደሜ ፈላ። አባቴን እወደዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ጠላሁት። ልጮህበት ስገባ እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ጠራችኝ። መስኮቷ ወደ በረንዳው ነው፣ ሁሉንም ሰምታለች። እጄን ያዘችኝ።

"እንዳትነግሪው። እኔስ እሄዳለሁ፤ እሱ ይሄን ይዞ እንዴት ይኖራል?"

ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት።

አባቴ እስከ ዛሬ ያንን ሰውዬ ይረግማል። ቃሉን ቢጠብቅ ኖሮ ሚስቴ ትድን ነበር ይላል፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው እረግማለሁ።