ከጓዳ የማይከፈት ፎልደር

ሰፈሩ የሚጠራት ማስመሪያ ብሎ ነው። ቀጥ ብላ ስለምትራመድ አይደለም፤ እንዲያውም ወገቧን ስለሚያማት ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። ስሙን ያተረፈላት ሥራዋ ነው። የቤት ፕላን ነዳፊ ናት። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ ከባለቤቱ ቀድሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን ሰላም ይላል። አንዴ ኦፕራሲዮን የሆነ ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ "ይሄ በር እኮ ወደ ውጭ ነበር መከፈት ያለበት" ብትል፣ ሰውየው "እኔ ልሞት ነው እልሻለሁ፣ አንቺ ስለ በር ታወሪያለሽ" ብሎ ከሳቁ ብዛት ስፌቱ ሊፈታ ነበር።

እኔ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ጠጋኝ ነኝ። የእነሱን ቤት መስመር የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቤቱን እሷና ታናሽ ወንድሟ ከእናታቸው ወርሰው አብረው ይኖሩበታል። መንገድ ዳር ያለው ክፍል የእሱ ቢሮ ነው፤ ደንበኛ የሚገባውም፣ ትልቁ ፕሪንተር የሚያጓራውም እዚያ ነው። የእሷ ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ነው፤ በመስኮቱ የውሃ ታንከርና የልብስ ገመድ ይታያል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ናቸው። በኬብል ሳገናኛቸው ስም አውጡላቸው ብላቸው፣ እየሳቀች "የእሱን ሳሎን፣ የእኔን ጓዳ በለው" አለችኝ። በዚያው ጸና።

ወንድሟን ሰው ኢንጂነር ይለዋል። ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት የቴክኒክ ትምህርቷን ከመሃል አቋርጣ መንደፍ ጀመረች፤ እሱ ተማረ፣ ዲፕሎማውን ያዘ፣ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ፈቃዱ የእሱ፣ ሥራው የእሷ ሆኖ ኖሩ። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳም የእሱን ስም ብቻ ይዟል። ይህ ሲነሳባት፣ "ሰሌዳው ጠባብ ነው፣ ሁለት ስም አይችልም" ብላ ታልፈዋለች።

የአሠራራቸው ነገር እንዲህ ነው። እሷ ጓዳ ቁጭ ብላ ትነድፋለች። ያለቀው ፕላን በኔትወርኩ ሄዶ ሳሎን ውስጥ "ያለቁ" የሚል ፎልደር ይገባል፤ እሱ ያትማል፣ ማህተሙን ይመታል፣ ለደንበኛ ያስረክባል። የጓዳው ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ከእሷ ዘንድ ይጠፋል። እሷ ጋ የሚቀረው ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ደረጃውን፣ በሩን፣ መስኮቱን በየፕላኑ ደጋግማ አትስልም። አንዴ አሳምራ ሥላ ራሷ ኮምፒውተር ላይ "ቁርጥራጭ" የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ ሳሎን ያለው ፕላን ሲከፈት በኬብሉ በኩል ከእሷ እየተዋሰ ራሱን ይሞላል። "ደረጃው ላይ ስህተት ካገኘሁ አንድ ቦታ አርማለሁ፣ ቤቱ ሁሉ ይታረማል" ትል ነበር። ወንድሟ ይህን አያውቅም። ከፍቶ ያትማል እንጂ ምኑ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም።

ታዲያ የግንባታ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ነገር አወጣ። ዲፕሎማ የሌለው ሰው፣ ለዓመታት መንደፉን ካሳየ፣ ተፈትኖ በራሱ ስም ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ማሳያው የታተመ ወረቀት አይደለም፤ ወረቀትማ ማንም ጠቅልሎ ያመጣል። የሚፈልጉት ዋናውን ፋይል ነው፣ ሙሉውን ፕላን ከተሠራበት ቀን ጋር። ምዝገባው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል። እራት ላይ ለወንድሟ ነገረችው። "ደስ ይላል እትዬ" አላት። በማግስቱ ሳሎን አልከፈት አላት።

ስልክ ደወለችልኝ።

"ባለሙያው፣ ወንድሜ ጠፋብኝ።"

"የት ሄደ?"

"እሱማ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ኮምፒውተሩ ነው የጠፋኝ።"

እንዲህ ያለ ብልሽት የሚፈለገው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ኬብል። ወንበር ላይ ቆሜ ኮሪደሩን ይዞ የሚሄደውን ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት፤ አይጥ አልነካውም፣ አልተቆለመመም። ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ስዊች እሷ ጠረጴዛ ሥር ያለ ትንሽ ሳጥን ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደኅና ነው። ቀጥሎ አድራሻ። ሁለቱም ከአንድ ራውተር ነው የሚቀበሉት፤ የእሷ ልክ ነው። ቀጥሎ ፒንግ። ፒንግ ማለት አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን "አለህ?" ብሎ መጣራቱ ነው። ከጓዳ ሳሎንን ተጣራሁ። ዝም።

"እንደ ባለቤቱ ነው" አለች ከትከሻዬ በላይ እያየች። "ለሥራ ሲጠሩት አይሰማም።"

"ያለቁትን ለራስሽ ቅጂ አላስቀረሽም?"

"ቅጂ ምን ያደርግልኛል? ወንድሜ ጋ አይደል ያለው?"

ወደ ሳሎን ሄድኩ። ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አስቀመጠና ሳቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ እኛ ቤት ካልመጣህ እንቅልፍ አይወስድህም አይደል?"

"ኮምፒውተርህን ልየው።"

"ዊንዶውሱ ራሱን አድሷል፤ ከዚያ ወዲህ ነው። ተወው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ረጋ ብለህ ታየዋለህ።"

"እህትህ የምትፈልገው በዚህ ሳምንት ነው።"

ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ከኋላዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነበር።

ከሳሎን ወደ ጓዳ ስጣራ ወዲያው ተመለሰልኝ። የእሷ ፎልደርም ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። መንገዱ የተዘጋው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱ እሷ ጋ ይገባል፣ እሷ እሱ ጋ አትገባም። ሰው የዘጋው ይመስላል። ቢሆንም ለዚህም ንጹህ ምክንያት አይጠፋም። ዊንዶውስ የተገናኘበትን ኔትወርክ "የቤት" ወይም "የአደባባይ" ብሎ ይለያል፤ የአደባባይ ከተባለ በሩን ዘግቶ ይደበቃል። የሳሎኑ የአደባባይ ላይ ነበር። እድሳትም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። "የቤት" ወደሚለው መለስኩት።

"እትዬ፣ ሞክሪው እስቲ" አልኩ ጮክ ብዬ።

ድምጿ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ። "ታየኝ። ሳሎን ታየኝ።" ፎልደሩን ሞከረችና፣ "'ያለቁ' ግን እምቢ አለኝ። ፈቃድ የለሽም ይላል።"

ፎልደሩ ማንን እንደሚያስገባ የሚወሰንበትን ቦታ ከፈትኩ። ስሟ አለ። ከስሟ ትይዩ ማንበብ ክልክል፣ መጻፍ ክልክል፣ ሁሉም ክልክል። ስሙ ጭራሽ ያልገባ ሰውም እኮ መግባት አይችልም። ስም ጠርቶ መከልከል ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ የሚያደርገው ነገር ነው።

"ይሄም እድሳቱ ነው" አለ ከኋላዬ።

"እድሳት የእህትህን ስም አያውቅም" አልኩት።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

"አንተ ነህ?" አለችው። ድምጿ አልተለወጠም፤ ምሳ በልተሃል ወይ የምትለው ነበር የምትመስለው።

"እትዬ፣ ስሚኝ። አንቺ ፈቃድ ካወጣሽ ደንበኛው ማን ጋ ነው የሚሄደው? በዚህ ዕድሜሽ ፈተና ምን ያደርግልሻል? እኔ እያለሁ ምን ጎደለብሽ?"

"ሥራዬን ነው የጠየቅኩህ።"

"ሥራው የቢሮው ነው። ማህተሙ የማን ነው?"

"መስመሩስ የማን ነው?"

"በሰው ፊት አታዋርጂኝ" አላት። ሰው የሚለው እኔን ነው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ "አንተም የመጣህበትን ጨርሰሃል" አለኝ።

ክልከላውን ማንሳት የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው። ግን ኮምፒውተሩ የእሱ ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ አትንካ እያለኝ የሰው ማሽን አልከፍትም። እሷም አድርግልኝ አላለችኝም። ዘንበል እንዳለች ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ ተከተልኳት።

ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ይሄን ልጅ" አለች፣ "ጥርሱ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ኮሪደር አዝዬው የተመላለስኩት እኔ ነኝ።"

በዚያው መሃል ሳሎን ሰው ገባ። የግንበኞች አለቃ ነው፤ ድምፁ እንደ ሲሚንቶ ማቡኪያ ነው፣ በሩ ቢዘጋም ይሰማል። መሠረት አስቆፍሮ ፕላኑን ሊወስድ መጥቷል። ኢንጂነሩ ፋይሉን ለመክፈት ወንበሩን ሲስብ ተሰማን። እሷ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የኮምፒውተሯን ኬብል ከስዊቹ ነቀለችው።

"ይሄን ቤት ያለ እኔ ያትመው።"

ፕሪንተሩ አጓራ፣ ቆመ። ከዚያ የአለቃው ድምፅ መጣ።

"ኢንጂነር፣ ደረጃው የታለ? በሩስ? እዚህ ጋ 'ጓዳ፣ ቁርጥራጭ፣ ደረጃ' ነው የሚለው። ጓዳ ውስጥ ነው እንዴ ደረጃ የምናወጣው?"

ፕሮግራሙ የሚዋሰውን ነገር ሲያጣ ባዶው ቦታ ላይ ከየት ይመጣ እንደነበር አድራሻውን ይጽፋል። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ደረጃዬን ቤቴ አስገባሁት።"

"እትዬ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው።"

"እኔም ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ፎልደሩን ክፈት፣ ኬብሉን እሰካለሁ።"

አልተቆጣም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ደግሞ አነበበ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ፣ ወረቀቱን እንደያዘ ወጣ። ሳሎን ሲደርስ አለቃው ሲያጽናናው ሰማን።

"ተወው ባክህ ኢንጂነር። ደረጃ ምን አላት? እንደመጣልን እናወጣታለን።"

ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። ወንድሟ ሲከለክላት ያልተለወጠ ፊት።

"የመጨረሻዋን መርገጫ ከፍ ያደርጓታል" አለችኝ። "ሁልጊዜ ነው። ከታች ሲጀምሩ አይለኩም፣ የተረፈውን እላይ ይጨምሩታል። ልጅ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው።" ጎንበስ ብላ ኬብሉን መልሳ ሰካችው።

"ፎልደሩን እኮ አልከፈተልሽም።"

"አውቃለሁ። ሰውየው ደረጃውን ይዞ ይሂድ።"

ፕሪንተሩ እንደገና አጓራ። እኔ ስዊቹን እያየሁ ነበር። አንድ ፕላን ሲከፈት መብራቱ ለአፍታ ይቁለጨለጫል፣ ከዚያ ይረጋል። አሁን ግን አልረጋም፤ ያለ ማቋረጥ ይቁለጨለጫል። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ሳሎን የትኞቹን ፋይሎች እንደያዘ ከፍቼ አየሁ። የዚያ ቤት ደረጃ አለ። ከዚያ ቤት ጋር ምንም የማይገናኙ ደረጃዎችም አሉ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ገንዳው፣ እየተከታተሉ ይሄዳሉ። ኢንጂነሩ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። አሁን ወረቀቱ ነግሮታል።

"እየቀዳው ነው" አልኳት። "ሁሉንም። ልንቀለው?" እጄ ኬብሉ ላይ ነው።

"ኅትመቱ አልቋል?"

"አላለቀም።"

"እንግዲያው ተወው።"

ተውኩት። ፕሪንተሩ ሲቆም መብራቱም ረጋ። አለቃው ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሲወጣ፣ "እጅህ ይባረክ ኢንጂነር፣ ደረጃዋ አምራለች" ሲል ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ቀን በኋላ ሳሎን ሊዋስ ጓዳን ተጣርቶ አያውቅም።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን አብሬያት ሄድኩ። ቁርጥራጮቿን በፍላሽ ይዛለች፤ እነሱም የተሠሩበት ቀን አላቸው፣ አሮጌ ቀን፣ ምናልባት ይበቁ ይሆናል ብላ። የተቀበለን ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበር። ወንበር ሰጣት፣ አንድ በአንድ ከፈታቸው፣ ደረጃዎቹ ላይ ሲደርስ አጉልቶ አያቸው።

"በጣም ያምራሉ" አለ። "ቀኑም ልክ ነው። ግን እናቴ፣ እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው። ሙሉ ፕላኑስ?"

"ወንድሜ ጋ ነው።"

ፊቱ ፈካ። ችግር የጠበቀ ሰው ችግር ሲያጣ እንደሚፈካው።

"ታዲያ ምን ጨነቀዎት? እስክንዘጋ ጊዜ አለ። ከወንድምዎ ተቀብለው ያምጡልን።"

"እሺ" አለች። ፍላሹን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አመሰገነችው፣ ወጣን። ፌርማታው ላይ ቆምን። ወደ ሰፈራቸው የሚሄደው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተልን፤ ሾፌሩ ትገቢያለሽ ወይ በሚል ዓይን አያት። በእጇ እለፍ አለችው።