ፍም ለአስካለ

ጋሼ ሚልኪያስ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ዝቅ ብሎ ባለው መስኖ የውኃ አባት ናቸው፤ ቦዩ ለማን ቀድሞ እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚዘጋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሹመቱ ከአንድ አካፋ በቀር ምልክት የለውም። በልጅነታቸው ለድቁና ተልከው ትምህርቱን በአጋማሽ ስላቋረጡ ግን፣ በልባቸው ተዳፍኖ የቀረው ሰባኪ መውጫ ሲፈልግ ኖሯል። ስለዚህ በየጠዋቱ ተራ ከማሳወቃቸው በፊት፣ ደብረ ሲና የምትኖረው ልጃቸው ኢየሩሳሌም በስልክ የምትልክላቸውን የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ለገበሬው ያነባሉ፤ ከዚያም ያብራራሉ። ቃሉ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ማብራሪያው የማንጎው ጥላ እስኪሸሽ ይዘልቃል።

ገበሬው ውኃ ስለሚፈልግ ያዳምጣል። ሙስሊሙ እኩያቸው አብዱልሃዲ እንኳ መቁጠሪያውን እየቆጠረ በትዕግሥት ይቀመጣል። አንድ ቀን ግን፣ ስለ ትጋት በሚሰጠው ማብራሪያ መካከል፣ ጎረቤታቸው አስካለ አንኮራፋች። ሌሊቱን ሙሉ ማሳዋን ስታጠጣ ያደረች ሴት ናት፤ ይህ ለማንም ሰበብ ይበቃ ነበር። ለጋሼ ሚልኪያስ አልበቃም። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ቃል ሁሉ፣ ከዘፍጥረት ይሁን ከራእይ፣ መንገዱን አሳብሮ አስካለ ደጃፍ ይደርስ ጀመር።

«ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ ይላል» አሉ በማግስቱ። «አስካለ፣ አንቺ ፊተኛ ነበርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ተራሽ መጨረሻ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ኋለኛ ከሆንኩ ነገ ፊተኛ ልሁን ጋሼ?»

«እሱ ለመንግሥተ ሰማያት ነው።»

በዚያ ሙቀት መጨረሻ መሆን ማለት የቦዩን አተላ መቀበል ማለት ነው። የአስካለ ሽንኩርት ደግሞ ራስ መያዝ ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ውኃ ካጣ ለወራት የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሲሆን ሁሉም አየ። ጋሼ ሚልኪያስም አዩ፤ ከነከናቸውም። ግን ማን ይቅርታ ይጠይቅ? ያንኮራፉት እሳቸው አይደሉም።

ከዚያ ኢየሩሳሌም የላከችው ቃል፣ እግዚአብሔር ዝናቡን ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም እንደሚያዘንብ የሚናገረው ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ አስካለ ዞረ። ጋሼ ሚልኪያስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ዝናብ ነው ያለው» አሉ። «ቦይ አላለም።»

«አንቱ ጋሼ» አለች አስካለ ሻሿን እያጠበቀች፣ «እግዜር ደመናውን ለአንቱ አለመስጠቱ እንዴት ደግ አደረገ! ቢሰጥዎ ኖሮ የጥፋት ውኃ ራሱ እስካሁን ተራውን ሲጠብቅ ነበር።»

«ምነው ከሽንኩርትሽ በፊት ምላስሽ በደረቀ!»

ማንም አልሳቀም። አብዱልሃዲ ሰው እስኪበተን ጠብቆ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ስማ ሚልኪያስ። የሴትዮዋ ሽንኩርት ከደረቀ አካፋውን እንቀበልሃለን። ሰዉ ተማክሯል።»

«አንተም?»

«እኔም። ወላሂ፣ ማብራሪያህን ለምጄው ነበር።»

ጋሼ ሚልኪያስ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ውኃውን ቢከፍቱ አስካለ አሸነፈች፤ ባይከፍቱ አካፋው ሄደ፤ ከአካፋው ጋር ጉባኤው ሄደ። በማግስቱ ስልካቸው ሲጮኽ በፍርሃት ነበር የከፈቱት። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ነው፤ ጠላትህ ቢጠማ አጠጣው፣ እንዲህ በማድረግህ በራሱ ላይ ፍም ትከምራለህ የሚለው። ደጋግመው አነበቡት፤ ፊታቸው በራ። ሊቃውንት ስለዚህ ፍም ምሥጢር ብዙ ብለዋል። ጋሼ ሚልኪያስ ግን ፍም ፍም ነው ብለው ተቀበሉት።

በዚያ ጠዋት ማብራሪያ አልነበረም። አካፋቸውን አንስተው ቦዩን ወደ አስካለ ማሳ ራሳቸው ቀደዱት፤ ውኃው በትልሙ እየተሳበ ሲገባም ከፊቷ ቆመው መልኳን መረመሩ።

«ምን ያዩኛል?»

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ፍሙ! ጠላትህን አጠጣ፣ በራሱ ላይ ፍም ትከምራለህ ይላል መጽሐፉ። ለፍቅርሽ የከፈትኩ እንዳይመስልሽ።»

አስካለ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች።

«እውነትም ሞቅ ብሎኛል» አለች። «ግን ገና አልተቀጣጠለም። ነገም ቢጨምሩበት?»

ጨመሩበት። ተራ በደረሰ ቁጥር እሷን እያስቀደሙ ከመሩባት። ማሳዋ ጨፌ መሰለ፤ አካፋውን መቀበል የሚል ወሬም ቀረ። አንድ ረፋድ አብዱልሃዲ ከማሳዋ ዳር ቆሞ ታዘባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁንስ ይህን ሰው አንድ ቀን እንኳ አመስግኚው እንጂ።»

«አብደዋል እንዴ ጋሼ አብዱልሃዲ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካመሰገንኳቸው ፍሙ ይበርዳል፤ ፍሙ ከበረደ ውኃው ይቆማል።» ከዚያ ቀና ብላ ወደ ቦዩ ራስጌ ጮኸች፤ «አንቱ ስስታም! እጅዎ ምነው ዛለ? ውኃው ቀጠነ እኮ!»

ጋሼ ሚልኪያስ ጥርሳቸውን ነክሰው አካፋቸውን አነሱና የቦዩን አፍ አሰፉላት።