ብረት ያልነካት ወይን

ማክሰኞ ማለዳ ከወልድያ የወጣሁት ለአንዲት የወይን ሐረግ ልሟገት ነው። እኔ እግሬ የማይቀመጥ፣ ደጅ ስሳለም የምኖር ሴት ነኝ። ሐረጓን ከስምንት ዓመት በፊት ከአንድ ገዳም ደጅ ለምኜ አምጥቼ፣ ግቢያችን ውስጥ በእጄ አበቀልኳት። ዛሬ አጥሩን አልብሳ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥታለች፤ ፍሬዋ ግን ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ልጄ ካሳሁን እሷን ነቅሎ በቦታዋ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ተነሥቷል።

«እማዬ፣ ቅጠል ልንበላ ነው እንዴ? ነገ ግንበኛው ይገባል» አለኝ።

«ነገ ገና ነው» ብዬው ነጠላዬን አጣፋሁ። መርሳ በኩል ወይን ጠጅ የሚጠምቁ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከሐረጓ አንዲት ቅርንጫፍ በእጄ ቀንጥሼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ መናኸሪያ ወረድኩ።

ረፋድ፣ መርሳ

ሚኒባሱ መቶ ብር አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ጥቅሌን አየና «እማማ፣ ጭራሮ ይዘው ወዴት ነው?» አለ።

«ወይን ናት። ከአንተ ትሻላለች፤ ዝም ማለት ታውቃለች።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ስሪንቃን ስናልፍ ሙቀቱ በረታ። መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ተከምሯል። ሁለት ማንጎ በላሁና በባጃጅ ግራና ወደምትባለው ከተማ አቅጣጫ፣ ወደ ወይኑ ማሳ ሄድኩ።

መጥመቂያው

ጥላ ያለው የወይን ዳስ ጠብቄ ነበር። ወይኖቹ ግን አጫጭር ሆነው ሽቦ ላይ ተሰልፈዋል። ባለሙያው ትሁት ወጣት ነው፤ «ይቺ ሲራ ናት፣ ያቺ ሜርሎ» እያለ የዝርያቸውን ስም እየነገረ አዞረኝ። በርሜሎቹ ያሉበት ቤት የጠላ አተላ ይሸታል። በብርጭቆ ቀድቶ አቀመሰኝ፤ አፍ ይይዛል፣ ከኋላው ግን የበሰለ ሾላ የመሰለ ጣዕም ይመጣል።

«ስኳር አነሰው» አልኩ።

«ይህ ደረቁ ነው፣ እማማ። ጣፋጩ ሌላ ነው።»

ቅርንጫፌን ፈትቼ «ለምን አታፈራም?» ብዬ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዝርያዋ አይታወቅም። ነቅለው የእኛን ችግኝ ቢተክሉ ይሻላል።»

«የማትታወቀው ለአንተ ነው እንጂ እኔ አውቃታለሁ። የኔስ ዝርያ ቢጠየቅ ማን ያውቃል? ልነቀል ነው?»

ቅርንጫፌን በጨርቋ መልሶ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እኔም መልስ ሳላገኝ አልሄድም ብዬ ማሳው ዳር ቁጭ አልኩ። ይህን ጊዜ መቀስ ይዛ ወይን የምትከረክም ዘይነባ የምትባል ሴት ንግግራችንን ሰምታ ጠጋ አለችኝ።

«አብሽሩ፣ እማማ። ለመሆኑ በስንት ጊዜ ይቆርጧታል?»

«ቆርጫት አላውቅም! ለቁርባን የምትሆን ተክል እኮ ናት። ወይን ብረት አይነካውም ሲባል ነው ያደግሁት።»

ዘይነባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ፣ በአክብሮት አስርበዋታል! ወይን እኮ በአሮጌ እንጨት አያፈራም፤ ሲቆርጡት በሚያወጣው ቀንበጥ ላይ ነው የሚያፈራው።»

«አንቺስ ጠጁን ትጠጫለሽ?»

«አስተግፊሩላህ! የኔ ድርሻ ዘለላው ነው። ግን ለእናንተ ቁርባንም ቢሆን ያለ መቀስ ዘለላ የለም።»

መቀሱን አስያዘችኝ። «ከታች ቀንበጥ የሚያወጡትን ሁለት ዓይኖች ይቁጠሩ፤ ከዚያ በላይ ላለው አይራሩ» አለች። መጀመሪያ በጣቴ እየቆጠርኩ ቆረጥኩ። አንድ መስመር ስጨርስ ግን በዓይኔ ብቻ እለካ ጀመር።

ወደ ቤት

ከመርሳ ገበያ መቀስ ገዝቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልድያ ገባሁ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ቆረጥኩ፣ ቆረጥኩ። ካሳሁን ሲመጣ የቀሩት ግንዷና ጥቂት ጣት የሚያህሉ ጉጦች ነበሩ።

«ገደልሻት እኮ! እንግዲያ አትንቀላት ብለሽ እኔን ምን አስለመነሽ?»

ልመልስለት ስል ከተቆረጠው ጫፍ ንጹሕ ውሃ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። ልጄ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው።

«ሥሯ እየሠራ ነው» አልኩት። «ስምንት ዓመት የበደልኳት እኔ ነኝ፤ ማክበር አለመንካት መስሎኝ ነበር። ለኔ ስሕተት እሷ አትነቀልም። ግንበኛህ ከመጣ መጀመሪያ እኔን ይንቀል።»

ረቡዕ ጠዋት ግንበኛው ሲባጎውንና ችካሉን ይዞ ሲገባ ግንዷ ሥር ተቀምጬ ነበር። እኔን አየ፣ ልጄን አየ።

«የት ልቆፍር?»

ካሳሁን እጁን ወደ ማዶ ዘረጋ። «ወዲያ፣ በበሩ በኩል።»